በቀይ የተሰመረበት ጥያቄ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017፤ ቢቸና

የመድኃኔ ዓለም ማኅበራችን ዛሬ አያ ፋንታ ቤት ነበር። አሥራ አራት ሰው ተገኘ። ጸሎቱ ደርሶ ጽዋው ከዞረ በኋላ አያ ፋንታ ነገሩን አነሡት። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ እሳቸው ናቸው። በወር አንድ ቀን በልቶ ጠጥቶ መለያየት አይበቃም፤ በነቢያት ጾም እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰብን እንማር አሉ። ሁሉም ተስማማ። በምን እንማር ሲባል ግን ስምምነቱ ቀረ።

ባሕር ዳር ሃያ ሁለት ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ፤ አሥሩን ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው የኖርኩት። ወደ ቢቸና ከተመለስኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በማኅበሩ የሚነበበውን የማዘጋጀውም የማነበውም እኔ ነኝ። ከቅዱሳን ታሪክ አውጥቼ ያሳጠርኳቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ሥር ማብራሪያና ምክር ያከልኩባቸው አርባ ሁለት ንባቦች አሉኝ። ተተይበው ተጠርዘዋል። የጥናት ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይዞራል ብዬ ነበር።

የዞሩት ወደ ይታገስ ነው። ይታገስ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ማኅበሩ የገባው ገና በሐምሌ ነው። ወንጌሉን ምዕራፍ በምዕራፍ እናንብብ አለ። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው የከበደውን ነገር ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ ያስፍር። የማን እንደሆነ በእጅ ጽሑፉ እንዳይታወቅ እሱ ሁሉንም በራሱ እጅ ይገለብጠዋል፤ ዋናውን ያቃጥለዋል። መጻፍ የማይችል በጆሮው ይንገረው። ጥያቄው እየተነበበ እንወያያለን።

አያ ፋንታ «ባንቴ ሲያነብ እኛ እናንቀላፋለን። ይኼ ደግሞ ሊያስለፈልፈን ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሉሊትም ሳቀች። ሉሊት ባለቤቴ ናት።

በመጨረሻ ሁለት እሑድ የእኔ፣ ሁለት እሑድ የእሱ እንዲሞከር ተወሰነ። የዓመቱ መማሪያ ታኅሣሥ 27 ይመረጣል። ከዚያ በፊት ሁለቱም ጽሑፎች ሞጣ ተወስደው መምህር ፍቅረ ሥላሴ ያዩዋቸዋል። በማኅበራችን ሊቅ ያላየው ጽሑፍ አይነበብም።

ፍትሐዊ ውሳኔ ነው። ቅር አላለኝም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሉሊት ሽንኩርት እየላጠች፣ ወረቀቱ ላይ ስም አይጻፍም ያለው እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንደዚያ ብሏል አልኳት። ለምን እንደጠየቀች አልነገረችኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 8

የስሜነሽ አራተኛ ሙት ዓመት። ልጃችን ስታርፍ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ሌላ ልጅ የለንም።

ሉሊት ጠዋት ብቻዋን ወደ መቃብሩ ሄደች። እኔ በሳምንቱ የማነበውን እያረምኩ ነበር። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ምንም አልተባባልንም። የልጅቷ ነገር ሲነሣ ሉሊትን ያማታል፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ አይነሣም። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላስታውስም።

አሥራ ሁለት ገጽ አረምኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 15፤ የጾሙ መግቢያ

የመጀመሪያው እሑድ፣ የእኔ። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከሩብ አነበብኩ። አንድም ቃል አልተሰናከለብኝም። ጥያቄ ያለው ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ሰው ስለ ቀጣዩ ሳምንት ሰዓት ጠየቀ።

ጸጥታው የመደመጥ ጸጥታ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ሁለተኛው። አሥራ አንድ ሰው። ጤፍ የሚወቃበት ጊዜ ነው፤ የቀሩት ለዚያ ነው።

ስንወጣ ጎረቤታችን እስከዳር ከበሩ ላይ «ጋሽ ባንቴ፣ የሰማዕቱ ታሪክ እንዴት ደስ ይላል፤ አንገታቸው እስኪቆረጥ ብቻ ረዘመ» አለችኝ። ነገር መወርወር ትወዳለች። ሉሊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ሌላ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 29

የይታገስ የመጀመሪያ እሑድ። አሥራ ሰባት ሰው። አባል ያልሆኑ ሦስት ነበሩ፤ ይህ ራሱ ደንብ አይደለም።

ወረቀቶቹን ያዘጋጀው ከጤና ጣቢያ ከተጣሉ ቅጾች ጀርባ ቆራርጦ ነው። ባለፈው ሳምንት አድሎ የሰበሰባቸውን ገልብጦ መጣ። ምዕራፉን አያ ፋንታ አነበቡ፤ እየተንተባተቡ። እሱ አላስቆማቸውም። የተሳሳቱትን ሁለት ቃል እኔ ከተቀመጥኩበት አቃናሁ። አመሰገኑኝ ማለት አልችልም።

ከዚያ ሰው ተናገረ። በዘጠኝ ዓመት ድምፃቸውን ሰምቼ የማላውቃቸው ሰዎች ተናገሩ። ሉሊት ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ያህል፣ ሁለተኛው ከአራት ያላነሰ። ስለ ይቅርታ ነበር። ይታገስ አንገቱን ደፍቶ አዳመጣት። ስትጨርስ መልስ እንኳ አልሰጣትም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» ብቻ አላት። እሷ ግን ትልቅ ነገር እንደተሰጣት ሁሉ ፊቷ በራ።

ያስተማረው ነገር የለም። ምን አስተማረ ብባል የምጽፈው አንድ መስመር የለኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

አንዲት ሴት ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ለሌላዋ ስትነግራት ሰማሁ። «ይኼ የጤና ጣቢያው ልጅ ሰው አያሳፍርም» አለች። ሌላዋ «ሌላው ነው እንዴ የሚያሳፍር?» አለቻት። ወዲያው አዩኝና ስለ ዱቄት ማውራት ጀመሩ።

ሉሊት ማታ የሆነ ነገር ስትጽፍ አገኘኋት። የገበያ ነው አለች። የገበያ ዝርዝር ጽፋ አታውቅም፤ የምትገዛውን በቃሏ ነው የምትይዘው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 6

የእሱ ሁለተኛ። ሃያ አንድ ሰው፤ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ቆመው። ሉሊት ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድማ ወጣች። አብረን እንሂድ ስላት ቦታ እንዳላጣ ብላኝ ነው።

ምዕራፉ የምኵራቡ አለቃ ልጅ ከሞት የተነሣችበት ነው። ስምንት ጥያቄ ተነበበ። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦

«የአለቃው ልጅ ተነሣች። በዚያ ከተማ በዚያ ሳምንት የሞቱ ሌሎች ልጆች አልነበሩም? እናቶቻቸው የእሷን መነሣት ሲሰሙ ምን አሉ?»

አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ይታገስ መልሱን አላውቀውም አለ። መምህር ነኝ ባይ በሃያ አንድ ሰው ፊት አላውቅም አለ። ከዚያ ዝም ብለን ለእነዚያ እናቶች እንጸልይ አለ፤ ተጸለየ።

እኔ ተናደድኩ። ይህ ጥያቄ ተንኮል አለበት። ተአምሩን አይክድም፤ ከተአምሩ ጎን ሌላ ሬሳ ያስቀምጣል። የጻፈው ሰው ብልህ ነው። ይታገስ ራሱ ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም በእሱ እጅ የተገለበጠ ስለሆነ ማን ያጣራል?

ሉሊት እንዳቀረቀረች ወጣች። ቤት እስክንደርስ አልተናገረችም። በዚህ ሰው ምክንያት ሚስቴ ከጥናት አዝና ተመለሰች ማለት ነው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

እስከዳር ከበራችን ላይ ጠየቀችኝ፤ እኔ አላነሣሁም። ጥያቄዎቹ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም አልኳት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። «ከየት ሊመጡ ኖሯል?» ስትለኝ ትከሻዬን ነቀነቅሁ።

ያልኩት ሁሉ እውነት ነው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

አያ ፋንታ ሁለቱንም ሞጣ ይዤ እንድሄድ አዘዙኝ። የእኔን ጥራዝ፣ የይታገስን ደግሞ የተገለበጡትን ጥያቄዎች በሙሉ። አንተ የጽሑፍ ሰው ነህ፤ መንገዱንም ታውቀዋለህ አሉ። ይታገስ ገጾቹን በፖስታ አድርጎ ሰጠኝ። አላሸገውም።

ለመምህሩ እንዲቀልላቸው ገጾቹን አየኋቸው። የሚያጠራጥረውን መለየት የቆየ ልማዴ ነው። በቀይ እስክሪብቶ አራት ቦታ አሰመርኩ። አምስተኛዋ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመርኩና ከጎኗ «የሚያስክድ» ብዬ ጻፍኩ።

የራሴን ጥራዝ አንድ ጊዜ በድጋሚ አነበብኩ። የማሰምርበት አላገኘሁም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

አራት ቀን መኪና የለም። መንገዱ ተዘግቷል አሉ። ነገ ይከፈታል አሉ።

እስከዳር፣ ይታገስን «መናፍቅ ነው» የሚሉት ሰዎች እንዳሉ ነገረችኝ። ማን አለ አልኳት። «ከእርስዎ አይደል እንዴ የሰማሁት» አለችኝ። እንደዚያ አላልኩም አልኳት። «እንግዲህ ትከሻዎ ነው ያለው» ብላኝ ገባች።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18፤ ሞጣ

ትናንት በደብረ ወርቅ በኩል መጣሁ። ሦስት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን። ዛሬ ጠዋት መምህሩ ከጸሎት እስኪወጡ ሙሐመድሁሴን ሱቅ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ያኔ የምሠራበትን ጋዜጣ ሞጣ የሚሸጠው እሱ ነበር። አሁንም ትጽፋለህ ወይ አለኝ። አርማለሁ አልኩት።

መምህር ፍቅረ ሥላሴ ሰማንያ አልፏቸዋል። ገጹን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ የእኔን ጥራዝ ወሰዱ። ከዚህም ከዚያም አንድ ሰዓት ያህል አነበቡና «ደኅና ነው። ስሕተት የለበትም» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡት። ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመሩም።

የይታገስን ገጾች አንድ በአንድ አነበቡ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆዩ። ቀና አሉ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

ስም የለውም፤ የማኅበሩ ልማድ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ተንኮል ያለበት ስለሚመስል ነው እዚህ ድረስ የመጣው አልኩ።

«ሴት ናት» አሉ። «ልጅ ቀብራለች።» ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳረፉ። «ይህንንስ ማን ጻፈው?»

«ማኅበሩ ነው፣ መምህር» አልኩ።

«ማኅበር እስክሪብቶ አይዝም» አሉኝ።

ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባው ላይ በራሳቸው እጅ ጻፉ። ሁለቱም ለመማሪያ ይሆናሉ፤ ነቀፋ የለባቸውም። ከዚህ ሥር ደግሞ የሚከተለውን ጨመሩ፦ ይህችን ሴት ፈልጋችሁ አጽናኑ፤ ያሰመረባትን ሰው ወደ እኔ ላኩት።

ወረቀቱን እንደያዝኩ ወጣሁ። የሚላከው ሰው እፊታቸው ቆሞ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19፤ ቢቸና

በመንገድ ላይ ቆጠርኩ። ከአባላቱ ሴቶቹ ስድስት ናቸው። እስከዳር አልወለደችም። የአያ ፋንታ ባለቤት ልጆች ሁሉ በሕይወት አሉ። ሁለቱ መጻፍ አይችሉም፤ በጆሮው ነግረውት ሊሆን ይችላል፤ ግን እነሱም የሞተባቸው የለም። አምስተኛዋ ገና ነፍሰ ጡር ናት።

አባል ያልሆኑትንም ቆጠርኩ። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ቆጠርኩ። ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውኩት።

ስገባ ሉሊት ምሳ አቀረበችልኝ። መምህሩ ምን አሉ አለችኝ። መልሱ ገና ነው አልኳት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

ለአያ ፋንታም ገና ነው አልኳቸው። መልሱ ያለው ከቀዩ ገጽ ጀርባ ነው። አንዱን ሳልሰጥ ሌላውን መስጠት አልችልም። የእጅ ጽሑፌን ደግሞ ማኅበሩ በሙሉ ያውቀዋል።

ምን ብዬ ልንገራት? አራት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ነበርን። አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ያላለችውን ለማያውቃት ሰው በቁራጭ ወረቀት ሰጠችው። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ እሱ ነው። ኀዘኑ የመጣው ኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ይታገስ ቤት መጣ። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው። ሉሊት ሽሮ አቀረበችለት፤ አልጎረሰም። አከራዩ እስከ ገና ቤቱን ልቀቅ ብሎታል። ምክንያቱን በቀጥታ አልነገረውም፤ «ሰው ያወራል» ነው ያለው። ጤና ጣቢያ አንዲት እናት በእሱ እጅ ልጇን አላስከትብም ብላ ተመልሳለች።

ሊወቅሰኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

«ጋሼ፣ ከጥያቄዎቹ ነቀፋ የተገኘበት አለ ይባላል። የትኛው እንደሆነ ይንገሩኝ» አለ። «የጠየቀው ሰው ከሌላ አፍ ሰምቶ እንዳይደነግጥ ቀድሜ ልሂድበት ብዬ ነው። የእኔ ነገር ግድ የለም።»

የጥያቄውን ባለቤት ንገራቸውና ነፃ ውጣ አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። የፈተንኩት ይመስለኛል።

«አደራ ነው» አለ።

ሉሊት ውሃ የያዘውን ጣሳ እንደያዘች ቆማ ነበር። «የትኛው ጥያቄ ነው?» አለች። የጠየቀችው እኔን ነው።

አላስታውስም አልኳት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

ማኅበሩ እስከዳር ቤት ነበር። አሥራ አራታችንም ተገኘን። ገጹን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ልስጠው ልተወው አልወሰንኩም ነበር።

አያ ፋንታ ነገሩን በትካዜ ጀመሩት። የሞጣው መልስ አልደረሰም፤ ከተማው ግን ያወራል፤ ማኅበሩ ስሙ መጥፋት የለበትም አሉ። ከዚያ ወደ ይታገስ ዞሩ። «ልጄ፣ አንዲት ጥያቄ አለች አሉ፤ ስለ ሞቱት ልጆች። ራስህ ነህ የጻፍካት ይላሉ። ካልሆንክ የማን ናት? ተናገርና እንገላገል።»

ይታገስ መሬት መሬት ያያል። መናገር እንደማይችል፣ ከፈለጉ ማኅበሩን እንደሚለቅ በዝግታ ነገራቸው። እስከዳር እንኳ የምትወረውረው አጣች።

ሉሊት ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን አስተካከለች።

«የእኔ ናት» አለች። «ጥያቄዋ የእኔ ናት። ስሜነሽ ከሞተች ጀምሮ ስጠይቃት የኖርኩ ናት። ክህደት ከሆነች እኔን አስወጡኝ፤ የሰው ልጅ አታንከራቱ።»

አሮጊቷ አጠገቧ ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉ፤ ተቀመጭ ለማለት። አልተቀመጠችም። ወደ እኔም አላየችም። እኔ መልሱን እንደያዝኩት አታውቅም ነበር።

ተነሣሁ። ገጹን አውጥቼ ለአያ ፋንታ ሰጠኋቸው።

«መስመሩ የእኔ ነው» አልኩ። «ወሬውም ከእኔ ነው የተነሣው። መምህሩ ከጀርባው ጽፈዋል። ዘጠኝ ቀን ይዤው ነበር።»

አያ ፋንታ የገጹን ፊት አነበቡ፣ ገልብጠው ጀርባውን አነበቡ፤ ጮክ ብለው፣ እየተንተባተቡ። የተሳሳቱትን አላቃናሁም። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩና «ሞጣ የሚላከው አንተ ነህ» አሉ። ከገና በኋላ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ አልኩ።

የዓመቱ መማሪያ የይታገስ ሆነ። እጅ ማውጣት አላስፈለገም። አርባ ሁለቱ ንባቦች ለበዓላት ይቀመጡ ተባለ። አከራዩን አያ ፋንታ ራሳቸው ሊያነጋግሩት ነው። ይታገስ ግን ከትናንት ወዲያ ሌላ ክፍል ተከራይቷል፤ ከጤና ጣቢያው ይርቃል። ከበሩ ላይ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሺ ጋሼ አለኝ። እሺ አለ እንጂ እጄን ሲጨብጠኝ እንደወትሮው አልቆየም። የሚገባኝ ይህ ነው።

ሉሊት ከአሮጊቷ ጋር ወደ ቤት ሄደች። እኔ ከኋላ ሄድኩ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ለነገው በዓል ዶሮ እየገነጠለች ነበር። አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም አልኳት።

ሥራዋን አላቋረጠችም።

«ብነግርህ ታርመኝ ነበር» አለች።

አሁን ንገሪኝ አልኳት። አየችኝ። የምፈትናት መሰላት መሰለኝ። ውሃውን ለወጠች፣ እንደገና ተቀመጠች፣ ከዚያ ጀመረች።

ልጅቷን ሐኪም ቤት ለማድረስ መኪና ፍለጋ ከቤት ከወጣሁበት ጀምራ ነው የነገረችኝ። እኔ ያላየሁት ያ ሰዓት ነው። ልጅቷ ውሃ እንደጠየቀች፣ ጽዋው ከከንፈሯ ሳይደርስ እንደተወችው፣ አባዬ መጣ ወይ ብላ ሁለት ጊዜ እንደጠየቀች ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ መጠየቋን አላውቅም ነበር። ሉሊት ሁለተኛውን መጣ ብላ መለሰችላት። እስከ ዛሬ ስትከነክናት የኖረችው ያቺ ውሸት ናት።

ዶሮው ተገንጥሎ እስኪያልቅ አወራች። ስትጨርስ እጇን ታጥባ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ይህን ደብተር አወጣሁ።

ልጅቷ ያረፈችበት ቀን ሰኞ ነበር አለች። ማክሰኞ ነው፤ ቀኑን ልረሳው አልችልም። ስትናገር አላቋረጥኳትም። እዚህም ሰኞ ብዬ ጽፌዋለሁ።